መርዙን የሚሠራው ጉበት

ሆዱ የተነፋ፣ ክንዱና ትከሻው ግን የከሳ ሰው ይዞ ጤና ጣቢያ የሚደርስ ቤተሰብ ታሪኩን ሲጀምር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ርቆ ይሄዳል። መጀመሪያ ልቡ ሥር ሕመም ነበረው። ከዚያ እህል አልበላ አለ። ከዚያ ሆዱ ቀን በቀን እየተወጠረ መጣ፣ መቀነት አልደርስ አለ፤ ፊቱ ደግሞ ጎደጎደ። ነርሷ በሽተኛውን አስተኝታ ሆዱን በአንድ በኩል መታ መታ ስታደርገው በወዲያኛው በኩል የያዘችው መዳፏ የውሃ ሞገድ ይሰማዋል። ከጎድን አጥንቱ ሥር ጣፊያው አብጦ ይዳሰሳል።

በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ሽሬ እንዳሥላሴ ዙሪያ ባለው ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ህርሚ ሸለቆ ውስጥ ጸዓዳ እምባ የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እንዲህ ያሉ በሽተኞች ከዚያች መንደርና ከአካባቢዋ ደጋግመው ይመጡ ጀመር። ሕፃን፣ ጎልማሳ፣ ሽማግሌ ሳይል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ፤ ብዙዎችም ሞቱ። በዚያ አገር የሚሠራ ሐኪም እንዲህ ያለ ሆድ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስባቸው በሽታዎች አሉ፦ ቢልሃርዝያ፣ ካላዛር፣ የጉበት ቫይረስ፣ የአልኮል ጉዳት። ምርመራ ቢደረግም ከእነዚህ አንዱም ወረርሽኙን የሚያስረዳ ሆኖ አልተገኘም። በሽታው ለዓመታት በሪፖርት ላይ የነበረው ስም «ምንነቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ» የሚል ነበር።

መልሱ የተገኘው በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ገበሬው ደስ ብሎት ከሚውልበት ቦታ፣ ከአውድማው ነው። ዳጉሳው ወይም ጤፉ ታጭዶ ይከመራል፤ በበሬ ይበራያል፤ በመንሽ ይነሣል፤ ነፋስ ሲመጣ በላይዳ ይበተናል። ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይወድቃል። ቤት ከገባ በኋላም እናት በሰፌድ ታበጥረዋለች፣ በወንፊት ትነፋዋለች። ይህ ሁሉ ማጣሪያ የተሠራው የከበደን ከቀለለ፣ ትልቁን ከትንሹ ለመለየት ነው። በእህሉ መካከል የበቀለው አረም ዘሩ ከዳጉሳና ከጤፍ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ግን ወንፊቱ የሚለየው ነገር የለም።

አረሙ በሳይንስ ስሙ አጄራተም ኮኒዞይደስ ይባላል። መነሻው የአሜሪካ ሞቃት አገሮች ሲሆን ዛሬ በአፍሪካና በእስያ ያልደረሰበት ቦታ ጥቂት ነው። ቅጠሉ ጸጉራም፣ አበባው ነጭ ወይም ፈዛዛ ወይን ጠጅ፣ ሽታው የፍየል የሚመስል ትንሽ ተክል ነው። ደቃቅ ዘሩን በብዛት ያፈራል፣ ነፋስም በቀላሉ ይወስድለታል። በውስጡ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት። እነዚህን አልካሎይዶች ተክሎች የሚያመርቷቸው ተባይና ከብት እንዳይበላቸው ነው፤ በዓለም ላይ ከ6000 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች እንደያዟቸው ይገመታል። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር የበሽተኞቹን ሽንትና የመንደሩን እህል መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት እህሉ ውስጥ ከእነዚሁ አልካሎይዶች አንዱን፣ አሴቲልሊኮፕሳሚን የተባለውን አገኘ። ሁለተኛ ነገርም አገኙ። የነዋሪዎቹ ሰውነት ውስጥ ዲዲቲ ነበረ። የወባ ትንኝን ለመከላከል የታሰበው መድኃኒት ነቀዝ እንዳይበላው ተብሎ ጎተራ ውስጥ ከሚበላ እህል ጋር ይቀላቀል ነበር።

ገበሬዎቻችን እህል ውስጥ የሚገባ አረም እንደሚጎዳ አያውቁም ማለት አይደለም። እንክርዳድ የበዛበት እንጀራ ራስ እንደሚያዞር የማያውቅ የገጠር ሰው የለም። እንክርዳድ ግን በበሉት ዕለት ያዞራል፣ ሰውየውም ምን እንደበላ ያስታውሳል። የህርሚው አረም የሚያደርሰው ጉዳት የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። በሽተኛው ሆዱ ሲያብጥ የበላው እንጀራ ከተረሳ ቆይቷል። ይህን ያህል የሚዘገይበት ምክንያት ደግሞ ጉበት ውስጥ ነው።

የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፣ በየደቂቃውም 1.5 ሊትር ገደማ ደም ያልፍበታል። ከዚህ ደም ሦስት አራተኛው የሚመጣው ከአንጀትና ከጣፊያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከአፍ የገባው አብዛኛው ነገር ልብና አንጎል ጋር ከመድረሱ በፊት በጉበት ያልፋል። ጉበት ሴሎች ውስጥ ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። ሥራቸው በውሃ የማይሟሟውን ባዕድ ነገር ሰባብረውና አሻሽለው በሽንት ወይም በሐሞት ሊወጣ ወደሚችል ቅርጽ መለወጥ ነው። መድኃኒት ስንወስድ፣ ቡና ስንጠጣ፣ ጢስ ስንተነፍስ ይሠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ሥራ ሕይወታችንን የሚጠብቅ ነው።

ይሁንና ኢንዛይሙ የሚሠራውን አይመርጥም። የአረሙ አልካሎይድ እንዳለ ቢያልፍ ያን ያህል ጉዳት የማያደርስ ሞለኪውል ነው። ኢንዛይሙ ሊያስወጣው ብሎ ሲለውጠው ፒሮል የሚባል ቁጡ ነገር ይሆናል። ይህ አዲስ ሞለኪውል ዕድሜው አጭር ስለሆነ ርቆ አይሄድም፤ በተወለደበት ቦታ ያገኘው ፕሮቲንና ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። መጀመሪያ የሚጎዱት የጉበትን ጥቃቅን የደም መተላለፊያዎች ከውስጥ የሸፈኑት ስስ ሴሎች ናቸው። እነሱ ሲሞቱና ሲረግፉ መተላለፊያው ይደፈናል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ደለል የሞላው የመስኖ ቦይ ላይ እንደሚሆነው ነው፤ ውሃው ወደፊት መሄድ ሲያቅተው ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳውን ያጥለቀልቃል። ደሙ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚመጣበት ትልቁ ሥር ላይ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ፈሳሹ ወደ ሆድ ይንጠባጠባል። ነርሷ በመዳፏ የምትሰማው ሞገድ ይህ ነው።

ዲዲቲው በዚህ ላይ ምን ጨመረ? ዲዲቲ እነዚህኑ የጉበት ኢንዛይሞች እንደሚያነሣሣና ቁጥራቸውን እንደሚያበዛ ይታወቃል። ኢንዛይሙ ሲበዛ አልካሎይዱን ወደ መርዝ የመለወጡ ሥራም ሊፈጥን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት ለአረሙ ሰጥተው ዲዲቲው ሳያባብሰው እንዳልቀረ ጽፈዋል። እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይህ ክፍል ነው። ገበሬው ዲዲቲውን ጎተራው ውስጥ ያስገባው ልጆቹ የሚበሉት እህል እንዳይጠፋ ነው። ጉዳቱን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ሌላ የነቀዝ መከላከያም በአቅራቢያው አላገኘም።

ይህ ዓይነቱ የጉበት ሥር መደፈን በሕክምና መጻሕፍት በስፋት የታወቀው በጃማይካ ነው። እዚያ እናቶች ለልጆቻቸው ከዱር ቅጠል የሚያፈሉት ሻይ ነበር፤ ተመራማሪው ብራስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1954 በሽታውን ሲገልጹ ሆዳቸው ያበጠው ሕፃናት የዚያ ሻይ ጠጪዎች እንደነበሩ ተረዱ። በአፍጋኒስታን ሄራት ክፍለ ሀገር ጉልራን ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሁለት ዓመት ድርቅ በኋላ ስንዴው ውስጥ ሄሊዮትሮፕ የሚባል አረም ገባ። በታጂኪስታን እ.ኤ.አ. በ1992 ጦርነትና የመንገድ መዘጋት አጨዳውን ሁለት ወር አዘገየው፤ አረሙ ከስንዴው ጋር አብሮ በሰለ፤ 3906 ሰዎች ታመሙ። ድርቅ፣ ጦርነት፣ የዘገየ አጨዳ፤ ከዚያ ደግሞ የተበላሸ እህል ጥሎ ሌላ መግዛት የማይችል ቤተሰብ። ጠግቦ የሚያድር ሰው የተጠራጠረውን እህል ይጥላል። ያጣ ሰው ይበላዋል።

ጉበት የገባለትን ወደ ባሰ ነገር የሚለውጥበት አጋጣሚ በአረም ብቻ የሚቆም አይደለም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል በተፈቀደው መጠን ሲወሰድ ደህና መድኃኒት ነው። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከሆነ ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ የታመመ፣ በጣም የከሳ ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ከዚህም ያነሰ እንዲወስድ ይመከራል። ከመድኃኒቱ ጥቂቱን እነዚያው ኢንዛይሞች ወደ መርዛማ ነገር ይለውጡታል፣ ጉበትም ግሉታታዮን በሚባል የራሱ መከላከያ ያከሽፈዋል። መጠኑ ሲያልፍ ግሉታታዮኑ ያልቃል፣ መርዙም የጉበትን ሴሎች ይገድላል። አደገኛው ነገር የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ነው። ከመጠን በላይ የወሰደው ሰው ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም ላይሰማው ይችላል፣ ጉበቱ የሚወድቀው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ነው። ኤን አሴቲልሲስቴይን የሚባለው ማርከሻ በጣም የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ነውና «ደህና ነኝ፣ ተሽሎኛል» የሚለውን ሰው ሰምቶ ቤት ማስቀመጥ አይገባም። ለጉንፋን የሚሸጡ ድብልቅ ክኒኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል እንዳለባቸውም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሁለቱን አብሮ የሚውጥ ሰው ሳያውቀው መጠኑን ያልፋል።

ወተታችንም ውስጥ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በእርጥበት የሻገተ እህልና ፋጉሎ ላይ የሚበቅል ፈንገስ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ላሟ የሻገተውን የኑግ ፋጉሎ ስትበላ ጉበቷ መርዙን ለውጦ ወደ ወተቷ ይለቀዋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ የወተት አምራቾችና ነጋዴዎች የተወሰዱ 110 ናሙናዎች ተመርምረው የአውሮፓ ኅብረት ካስቀመጠው ጣሪያ በታች የተገኙት 9 ብቻ ነበሩ። አፍላቶክሲን በብዛት ሲበላ በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 የሻገተ በቆሎ 317 ሰዎችን አሞ 125ቱን ገድሏል። በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ሲገባ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል፣ በተለይ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ።

እስካሁን ስለ ጉበት ተናገርኩ። ኩላሊት ግን ከጉበት በታች እንዳለ ሰው ነው፤ ላይኛው ቤት የተለቀቀውን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች ከሰውነታችን ክብደት አንድ በመቶ አይሞሉም፣ ልብ ከሚረጨው ደም ግን አንድ አምስተኛው ወደ እነሱ ይሄዳል። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣሩና 1.5 ሊትር ገደማውን ብቻ በሽንት አስወጥተው ቀሪውን ይመልሳሉ። ውሃው ሲመለስ ብዙ ባዕድ ነገር ቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ በደም ውስጥ ቀጭን የነበረ መርዝ ኩላሊት ውስጥ ይወፍራል። ቱቦውን የሸፈኑት ሴሎች ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚስቡና የሚገፉ፣ ኦክስጅን የሚጠሙ ሴሎች በመሆናቸው መጀመሪያ የሚሞቱት እነሱ ናቸው።

ጋምቢያ እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ላይ ያየችው ይህንን ነው። ልጅ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል። እናት ከፋርማሲ ሽሮፕ ትገዛለች፤ ጣፋጭ ስለሆነ ልጁ ሳያስቸግር ይውጠዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ መሽናት ያቆማል። ማታ የታሰረለት ጨርቅ ጠዋት ደረቅ ሆኖ ይገኛል። ያስመልሰዋል፣ ያብጣል፣ ይደክማል። ሐኪሞች የሞቱትን ልጆች ታሪክ ሲያገጣጥሙ መነሻው ሽሮፕ መሆኑ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 5 ቀን 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከሕንድ በመጡ አራት ሽሮፖች ውስጥ ዳይኤትሊን ግላይኮልና ኤትሊን ግላይኮል መገኘቱን አስታወቀ። የጋምቢያ መንግሥት የሞቱት ልጆች 70 እንደሆኑ ገለጸ፤ አብዛኞቹ ከ5 ዓመት በታች ነበሩ። በወቅቱ ጋምቢያ ወደ ገበያ የሚገባን መድኃኒት የምትመረምርበት የራሷ ላቦራቶሪ አልነበራትም።

ዳይኤትሊን ግላይኮል ለፋብሪካ ማቀዝቀዣና ማሟሟያ የሚውል ርካሽ ፈሳሽ ነው። ወፍራም፣ ጣፋጭና ቀለም የሌለው በመሆኑ ሽሮፕ ከሚሠራባቸው ከግሊሰሪንና ከፕሮፒሊን ግላይኮል በዓይን አይለይም። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት እንደ አልኮል ይቀበለዋል፤ አረቄን በሚፈጭበት ኢንዛይም ይፈጨዋል። የሚወጣው ዳይግላይኮሊክ አሲድ ይባላል። ኩላሊት ይህን አሲድ ወደ ቱቦ ሴሎቹ ያስገባል፣ ማስወጣት ግን አይችልም። ሴሎቹ ይታፈኑና ይሞታሉ። ጉበት ሠራው፣ ኩላሊት ሞተበት። የሕክምናውም መንገድ ከዚሁ ይነሣል፤ ፎሜፒዞል የሚባለው መድኃኒት የጉበቱን ኢንዛይም ያስቆምና መርዙ እንዳይሠራ ያደርጋል፣ የኩላሊት እጥበት ደግሞ የገባውን ያስወጣል። ሁለቱም ቶሎ ካልተሰጡ ብዙ አይጠቅሙም፣ ሁለቱም ደግሞ ደሃ አገር ውስጥ በብዛት አይገኙም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቆጣው ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ቴኔሲ ያለ ማሴንጊል የተባለ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ለማውጣት ፈልጎ በዳይኤትሊን ግላይኮል አሟሟውና የራዝቤሪ ጣዕም ጨመረበት። ጣዕሙን፣ መልኩንና ሽታውን መረመሩ። መርዛማነቱን የመረመረ አልነበረም፣ ሕጉም አያስገድድም ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙ ሕፃናትም ከመካከላቸው ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ከዚያ ወዲህ በሄይቲ፣ በፓናማ፣ በናይጄሪያ፣ በኢንዶኔዥያ ይኸው ፈሳሽ በሽሮፕ ውስጥ ተገኝቶ ሰዎችን ገድሏል። ምርመራው ውስብስብ አይደለም። በርሜሉ ፋብሪካ ሲገባ ናሙና ወስዶ ማየት ብቻ ነው፤ ያንን አንድ እርምጃ የዘለለ ሰው በየጊዜው ይገኛል።

በእኛም አገር መርዝና ጉበት የሚገናኙበት የተለመደ መንገድ አለ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ» ይዞታል ይባልና ወደ ባህል ሐኪም ይወሰዳል። ከሚሰጠው ቅጠልና ሥር አንዳንዱ ምንም ጉዳት ላይኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ የተጎዳ ጉበት አዲስና ያልታወቀ ነገር የመለወጥ ሥራ ሲጨመርበት የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው፣ ቢጫነቱም ራሱ ከሐሞት መዘጋት ወይም ከመድኃኒት የመጣ ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አስቀድሞ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ሐኪሙም ሳያስፈራራና ሳይቆጣ «ምን ቅጠል ጠጣህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ የተቆጡት በሽተኛ ይደብቃልና። ጫትም ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነገር ነው፤ በሐረር ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት ቃሚዎች ላይ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ በብዛት እንደሚታይ አሳይቷል።

ወደ ህርሚ ልመለስ። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ መደረግ ያለበት በዋናነት ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ አልነበረም፤ አረሙን ከማሳው ከማበቡ በፊት መንቀል፣ አጨዳውን በጊዜው መጨረስ፣ የተጠረጠረውን እህል መለወጥ፣ ዲዲቲን ከጎተራ ማውጣት። በአልካሎይድ የተጎዳ ጉበት ማርከሻ የለውም። መብላቱን ቀድሞ ያቆመ ሰው ሊድን ይችላል፤ የዘገየው ጉበቱ ይጠባሳል፣ በቀሪ ዕድሜውም ክትትል ይሻል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ትግራይ ውስጥ የጀመረው ጦርነት ያንን ክትትል የሚያደርጉትን ተቋማት ነው የመታው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እስከ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 መጀመሪያ ድረስ በክልሉ ካዩአቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው፣ በአግባቡ የሚሠሩትም 13 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ጦርነቱ አጨዳንም ያስተጓጉላል፣ አረም የሚነቅለውንም እጅ ይወስዳል፤ ታጂኪስታን ላይ የታየው ይኸው ነበር።

ስለዚህ ለሸለቆው የሚያስፈልገውን መዘርዘር ከባድ አይደለም። አንድ የአልትራሳውንድ መሣሪያና የሚያነበው ሰው፣ ሆድ ውስጥ የተቋጠረውን ውሃ የሚያስወጣ ስፓይሮኖላክቶን ያለማቋረጥ፣ ደም የሚያስመልስ በሽተኛ ሲመጣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚያደርስ አምቡላንስ። ከዚያ ደግሞ በየዓመቱ ጥር ላይ ከየቤቱ ጎተራ ጥቂት እፍኝ እህል ወስዶ የሚመረምር፣ ውጤቱንም ለባለቤቱ ተመልሶ የሚነግር የግብርና ባለሙያ። ለእሱ የሚከፈለውን በጀት የጤና ቢሮውና የግብርና ቢሮው በጋራ ሊይዙት ይገባል፤ እስካሁን የሁለቱም ሥራ ተብሎ የአንዳቸውም ሳይሆን የቀረው ይህ ክፍል ነው።